ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ሁሉን በቃሉ ይይዛል፣ ማንበብ ግን አልቻለም»

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምንኖረው ጅማ ነው። ወንድ ልጄ 9 ዓመቱ ነው፣ በአማርኛ በሚያስተምር ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል ይማራል። የነገሩትን አይረሳም። በቁርኣን ቤት ሱራ ሰምቶ በቃሉ በመያዝ እኩዮቹን ይቀድማል፤ ሱቅ ስልከው መልስ አሳስቶ አያውቅም። መጽሐፍ ሲገለጥ ግን ላብ ያጠምቀዋል። መምህሩ «ሰነፍ ነው» ይላል፣ አባቱ አርጩሜ ያነሣል፣ ጎረቤቶቻችን «ዐይን በልቶታል» ይላሉ። እኔ ደግሞ ቋንቋው በዝቶበት ይሆን ብዬ እሰጋለሁ፦ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ሰፈር ውስጥ አፋን ኦሮሞ፣ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ፣ ቁርኣን ቤት ዓረብኛ። አንዱን ላስተወው? የልጄስ አእምሮ ጤነኛ ነው?»

መልስ

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ሰምቶ በቃሉ የሚይዝና የገንዘብ መልስ የማይሳሳት ልጅ አእምሮው ደካማ ነው የሚያሰኝ ምልክት ከደብዳቤዎ አላገኘሁም። ሳላየው ምርመራ ልሰጥ አልችልም፤ የገለጹት ሁኔታ ግን ዲስሌክሲያ ከሚባለው የማንበብ ችግር ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1896 እንዲህ ያለ ልጅ ታሪክ ጽፎ ነበር። ልጁ 14 ዓመቱ ነው፣ በጨዋታ ከማንም አያንስም፣ ንባብ ግን ፈጽሞ አልሆነለትም። መምህሩ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ ብልሁ እሱ እንደሚሆን መስክሮለት ነበር።

የችግሩ ሥር ዓይን ላይ አይደለም። አንጎል የንግግርን ድምፆች ለይቶ ከፊደል ጋር የሚያገናኝበት መንገድ ላይ ነው። በስፋት እንደሚገመተው ከ100 ልጆች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ይህ ችግር አለባቸው። በዘር ይተላለፋል፤ ስለዚህ ከእርስዎም ከአባቱም ወገን ትምህርት በንባብ ምክንያት ያቋረጠ አጎት ወይም አክስት እንዳለ ይጠይቁ። ስንፍናም፣ የአስተዳደግ ጉድለትም፣ የሰው ዐይንም አያመጣውም።

ቋንቋ መብዛቱም አያመጣውም። ጅማ ውስጥ ሁለት ሦስት ቋንቋ እየተናገሩ ያደጉና አቀላጥፈው የሚያነቡ ልጆች ሞልተዋል። አፋን ኦሮሞውን ቢያስተዉት ጓደኞቹን ያጣል እንጂ ንባቡ አይሻሻልም። ይልቅ ለምርመራ የሚጠቅም ነገር አለ፦ ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ ችግሩ በሚማራቸው ጽሕፈቶች ሁሉ ይታያል። በአማርኛ ብቻ ተቸግሮ እንግሊዝኛውን በደህና የሚያነብ ከሆነ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው የአማርኛ ትምህርቱን ነው። ስለዚህ የቁርኣን ቤት አስተማሪውን ይጠይቁልኝ፤ ሱራውን የሚቀራው ፊደሉን እያየ ነው ወይስ ከሰማው?

የእኛ ፊደል 33 ሆሄያት በ7 ድምፅ ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ብዛቱ ለማንም ልጅ ሸክም ነው፤ ተ ከቸ፣ ደ ከጀ፣ ቡ ከቢ መምታታቱ በአንደኛ ክፍል የተለመደ ነው። በሦስተኛ ክፍል ከቀጠለ ግን ትኩረት ይሻል። ፊደልና ድምፅ በሚገጥሙባቸው ጽሕፈቶች ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ እያደገ ሲሄድ ስሕተቱ ይቀንሳል፣ የማይለቀው ዝግታው ነው። ፊደል በፊደል እየለቀመ መስመሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያው ይጠፋበታል። በዚህ ላይ አማርኛ መጥበቅና መላላትን አይጽፍም፤ «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና ነው» ለማለት የሚነግረን የዓረፍተ ነገሩ ሐሳብ ነው። በዝግታ የሚለቅም ልጅ ደግሞ ያ ሐሳብ ያመልጠዋል።

ጎበዝ ልጅ ችግሩን በቃል ችሎታው ስለሚሸፍነው ቶሎ አይታወቅም። ሀሁን እንደ ዜማ ይወጣዋል፣ የመጽሐፉንም ገጽ ሌላው ሲያነብ ሰምቶ ይደግመዋል። የቀድሞ የኔታዎች ይህን ያውቁ ነበር፤ ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ የሚያስቆጥሩት ቅደም ተከተሉን በማፋለስ ተማሪው በዜማ ሳይሆን በዓይኑ እንዲለይ ነው። እርስዎም ቤት ውስጥ ፊደሎችን ዘበራርቀው ያሳዩት። አይቶት የማያውቀውን አጭር ጽሑፍ ያስነብቡት። ከዚያ ያለ ወረቀት «ሰላም» ከሚለው ቃል «ሰ»ን ብታወጣ ምን ይቀራል ይበሉት። በዚህ ዕድሜ «ላም» ማለት ሊከብደው አይገባም። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን ደጋግሞ ካልመለሰ ያንን ጽፈው ለሐኪሙ ይዘው ይሂዱ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ማንበብ ያቃተው ሁሉ ዲስሌክሲያ የለበትም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ያ የክፍል መጨናነቅ፣ የመጽሐፍ እጥረትና የማስተማሪያ ዘዴ ጉዳይ ነው። የልጅዎ ክፍል ጓደኞች አብዛኞቹ እያነበቡ እሱ ብቻ ከቀረ ግን ነገሩ ይለያል።

ወደ ሕክምና ስንመጣ፣ መጀመሪያ ዓይኑና ጆሮው ይታዩ። ጆሮው ፈሳሽ ያወጣ የነበረ ልጅ ድምፅ መለየት ሊቸግረው ይችላል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን፣ የአንገት በላይ፣ የሕፃናትና የሥነ አእምሮ ክፍሎች አሉ። ትኩረት የመሰብሰብ ችግር ከዲስሌክሲያ ጋር ብዙ ጊዜ አብሮ ስለሚገኝ እሱንም ያንሡላቸው። ቀድሞ ያነብ የነበረ ልጅ ችሎታው ከጠፋ፣ በድንገት ፈዝዞ የሚቀር ከሆነ፣ ወይም ችግሩ ከማጅራት ገትር፣ ከከባድ ወባ ወይም ከራስ ጉዳት በኋላ ከጀመረ ሳይውሉ ሳያድሩ ያምጡት። ለዲስሌክሲያ የሚዋጥ መድኃኒት የለም። ቪታሚንም ባለቀለም መነጽርም አይፈውሰውም፤ ገንዘብዎን አያውጡበት።

የሚረዳው ማስተማር ነው፣ እሱም የምርመራ ወረቀት ሳይጠበቅ ዛሬ ሊጀመር ይችላል። በየቀኑ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ እሑድ ሦስት ሰዓት ከማስጨነቅ ይህ ይሻላል። አንድ ቤት ፊደል ይያዙ፣ ለምሳሌ በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ። ድምፁን እየጠራ በጣቱ አሸዋ ላይ ይጻፈው፣ ከካርቶን በተቆረጡ ፊደሎች ቃል ይመሥርት፣ ከዚያ እርስዎ ሲጠሩለት ይጻፍ። የትናንቱን ሳያጠኑ የዛሬውን አይጀምሩ። አንድ አጭር አንቀጽ መጀመሪያ አብራችሁ፣ ቀጥሎ ብቻውን ደጋግሞ ያንብብ። «አምስት ጊዜ ቅዳ» የሚለውን የቤት ሥራ አልወደውም፤ ልጁ ቅርጽ ይሥላል እንጂ አያነብም።

መምህሩን ሲያነጋግሩ ክስ አያድርጉት፣ ልመናም አያድርጉት። ሳያዘጋጁት በክፍሉ ፊት እንዳያስነብቡት፣ የፈተና ጥያቄ እንዲነበብለትና ጊዜ እንዲጨመርለት፣ በአካባቢ ሳይንስ ትምህርት በቃሉ እንዲመልስ ይጠይቁ። ትምህርት ቤቱ የልዩ ፍላጎት መምህር ካለው እሱም ይጠራ።

ለአባቱ ይህን ያንብቡለት፦ ወንድሜ፣ አርጩሜ ድምፅን ከፊደል አያገናኝም። የፈራ ልጅ የሚያውቀውንም ይረሳል፣ ውሎ አድሮም ደብተር ሲያይ ሆዱን ያመዋል፣ ከትምህርት ቤት መቅረት ይጀምራል። ማታ ማታ ያቺን 15 ደቂቃ ከእናቱ ጋር ተፈራርቀው ቢይዟት ልጅዎ ከዱላው ይልቅ በእርሷ ይጠቀማል።

ዓመቱ ሲያልቅ «ክፍል ይድገም» ሊሉዎት ይችላሉ። ያንኑ ትምህርት በዚያው ዘዴ መድገም ለእንዲህ ያለ ልጅ ብዙም አይፈይድም፤ ስለዚህ ከመስማማትዎ በፊት «በሚደግመው ዓመት ንባብ በምን የተለየ መንገድ ታስተምሩታላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። መልስ ካላገኙ ከጓደኞቹ ጋር እንዲያልፍና ድጋፉ በአራተኛ ክፍል እንዲቀጥል ይጠይቁ።