የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከሰልፍ የሚያወጣው ምዝገባ

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ ይዤ የምኖረው አሜሪካ ሲሆን፣ አሁን እናቴን ለመጠየቅ ፍኖተ ሰላም መጥቻለሁ። ባለፈው ስመለስ ኤርፖርት ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል ስሰለፍ፣ ከጎኔ ተቀምጦ የመጣው ሰው ፊቱን ለካሜራ አሳይቶ ወዲያው ወጣ። ይህ ምን ዓይነት ፈቃድ ነው? እናቴን ይዤ ብሄድስ ይሠራል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ያዩት ሰው የግሎባል ኤንትሪ አባል ሳይሆን አይቀርም። መርሐ ግብሩን የሚያካሂደው የአሜሪካ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ የአመልካቹን ታሪክ አስቀድሞ መርምሮ፣ አሻራውን ወስዶና ቃለ መጠይቅ አድርጎለት ለ5 ዓመት የሚያገለግል አባልነት ይሰጠዋል። ግሪን ካርድ ስላለዎት ማመልከት ይችላሉ፤ ቅጹም በኢንተርኔት ስለሚሞላ ፍኖተ ሰላም መሆንዎ አያግድዎትም። ክፍያው እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ 120 ዶላር ሲሆን፣ ማመልከቻው ውድቅ ቢደረግም አይመለስም። ቅድመ ይሁንታ ካገኙ ቃለ መጠይቁን ያለ ቀጠሮ፣ ወደ አሜሪካ በሚገቡበት ዕለት በተመረጡ ኤርፖርቶች መጨረስ ይቻላል።

የእናትዎ ጉዳይ ግን የተለየ ነው። አባልነቱ ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው የሚሰጥ ከመሆኑም በላይ፣ ዜጎቻቸው እንዲያመለክቱ ከተፈቀደላቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያ ስለሌለች፣ በጎብኚ ቪዛ ሲመጡ መደበኛውን ሰልፍ ይይዛሉ፤ እኛም ብንሆን እናታችንን ትተን ቀድመን አንወጣም።

ከሁሉ የሚያሳስበን ሻንጣው ነው። እናቶቻችን ከበርበሬው ሥር በላስቲክ ጠቅልለው የሚሸጉጡት ቋንጣ፣ በጉምሩክ ሳይገለጽ ከተገኘ አባልነትዎን ሊያሰርዝ ይችላል።