የአንባቢያን ጥያቄ፦ ጠገራ ብርና ኒሻን ፎቶ ለማንሣት

ጥያቄ፦ የምኒልክ ጠገራ ብር አለኝ። በስልኬ ሳነሣው ወይ መሐሉ ላይ ነጭ ነጸብራቅ ያርፍበታል፣ ወይ የስልኩ ጥላ ያጠቁረዋል። ምን ላድርግ? (ከደሴ)

መልስ፦ ብር እንደ መስታወት ነው፤ የገጠመውን ሁሉ መልሶ ያሳያል። ስለዚህ መጀመሪያ ፍላሹን ያጥፉ። ቀጥሎ ስልኩን አያስጠጉ። ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ርቀው 2 እጥፍ ያጉሉ። ሲያስጠጉት ብዙ ስልኮች ሳያስታውቁ ወደ ሰፊው ሌንስ ይዞራሉ፤ ያኔ ብሩ መሐሉ ያበጠ ይመስላል፣ ጥላም ይወድቅበታል። ስልኩን በእጅ ከመያዝ የመጻሕፍት ክምር ላይ ያስተኙት፤ የካሜራው ዐይን ከክምሩ ጠርዝ ወጣ ይበል፣ ጀርባው ላይ ከባድ ነገር ይጫኑበት። ማንሻውን በ3 ሰከንድ ያዘግዩት፤ ጣት ሲነካው የሚመጣው መንቀጥቀጥ ይቀራል።

ዋናው ሥራ ግን የመብራቱ ነው። አምፖላቸው አንድ ዐይነት ኤልኢዲ የሆነ ሁለት የጠረጴዛ መብራት ያዘጋጁ። ብሩን እንደ ሰዓት ፊት ቢያዩት አንዱን በቁጥር 10፣ ሌላውን በቁጥር 2 በኩል ያቁሙ። ብርሃኑ ከጠረጴዛው 60 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይውረድ። መብራቱ ዝቅ ካለ ጭረት ሁሉ ገደል ይመስላል፣ የንጉሡም ጉንጭ ይጠቁራል። መጋረጃውን ይዝጉ፤ የመስኮት ብርሃን ከአምፖሉ ጋር ከተቀላቀለ ብሩ በአንድ ወገን ሰማያዊ፣ በሌላው ቢጫ ይሆናል። ነጸብራቁ ካስቸገረ በኤልኢዲው ፊት ስስ ነጭ ወረቀት ይጋርዱ። ወረቀቱን አያብዙት፤ ገበያ ሳይውል አዲስ እንደሆነ የቀረ ብር ላይ ያለው፣ ብሩ ሲዞር አብሮ የሚሽከረከር ብልጭታ ይጠፋል፣ እሱ ደግሞ ለሰብሳቢ ብዙ ዋጋ አለው።

ከዚያ ብሩን ራሱን በ10 በ10 ዲግሪ እያዞሩ ያንሡ። መፈተኛዎ አንበሳው ይሁን። በ1887 ዓ.ም. በተመታው ላይ የተነሣው የግራ የፊት እግሩ ነው፤ ኋላ በመጣው ላይ ቀኙ ነው። ይህና የጋማው ጠጉር ጥርት ብሎ ካልታየ መብራቱን ያንቀሳቅሱ። ከሥር ነጭ ወረቀት አያንጥፉ፤ ስልኩ ነጩን አይቶ ብሩን ያጨልመዋል። ግራጫ ካርቶን ይሻላል። ስክሪኑ ላይ ብሩን ተጭነው ፎከሱን ይቆልፉ፤ ብሩህ ቦታው ላይ ያለው ቅርጽ እስኪታይ ድረስም ብርሃኑን ይቀንሱ።

ጥያቄ፦ ለካሜራዬ 100 ሚሊ ሜትር ማክሮ (ትንንሽ ነገር ከቅርብ የሚያነሣ) ሌንስ ገዛሁ። ሳንቲሙ ግን ሞላላ ሆኖ ይወጣል፣ አንድ ጎኑም ይደበዝዛል። (ከአዳማ)

መልስ፦ ካሜራው ዘምሟል እንጂ ሌንሱ ጤነኛ ነው። ሳንቲሙ በሚቀመጥበት ቦታ ትንሽ ጠፍጣፋ መስታወት ያኑሩ። በካሜራው ሲያዩ የሌንሱ ምስል የሥዕሉ መሐል ላይ እስኪውል ድረስ መቆሚያውን ያስተካክሉ፤ ከዚያ መስታወቱን አንሥተው ሳንቲሙን ይተኩ። ኤፍ 8 (የሌንሱ ቀዳዳ ልክ) እና አይኤስኦ 100 (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ለአብዛኛው ሳንቲም ይበቃሉ። ሁሉም ጥርት ይበል ብለው ቀዳዳውን ወደሚያጠበው ኤፍ 22 አይሂዱ፤ በጠበበ ቀዳዳ ብርሃኑ ስለሚበተን ሥዕሉ በሙሉ ይለሰልሳል።

ጥያቄ፦ ከማንሣቴ በፊት በሎሚና በአመድ ላጽዳው? (ከጎንደር)

መልስ፦ እባክዎ አይንኩት! አመዱ ይፍቃል፤ ሎሚው ዘመን ያለበሰውን ቀለም ይገፍፋል። ፎቶው ላይም ጭረቶቹ ተደርድረው ይታያሉ፣ ያን የሚያስተካክል መብራት የለም። አቧራውን በሌንስ መንፊያ ላስቲክ እፍ ያድርጉት። ሲይዙትም ጠርዙን ብቻ ይያዙ።

ጥያቄ፦ የአያቴን ኒሻኖች ለቤተሰቡ መዝግቤ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። ቀለም የተሞላው ክፍል ያንጸባርቃል፣ ከፍ ያለው ሲጠራ ዝቅ ያለው ይደበዝዛል። (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ኒሻን ከሳንቲም ይልቅ ወፍራም ስለሆነ አንድ ፎከስ አይበቃውም። ካሜራውን ሳያንቀሳቅሱ ፎከሱን ከላይኛው ጫፍ እስከ ጥብጣቡ በጥቂት በጥቂቱ እያወረዱ ከ8 እስከ 12 ፎቶ ያንሡ፤ ከዚያ ጥርት ያለውን እየመረጠ በሚያዋህድ ፕሮግራም አንድ ያድርጓቸው። ፕሮግራሙ ከሌለዎት ራቅ ብለው በኤፍ 11 ያንሡና ዙሪያውን ይቁረጡ።

ቀለም በተሞላው ክፍል (በኢናሜሉ) ላይ የሚያርፈውን ነጭ ነጥብ ለማጥፋት መብራቶቹን ወደ ጎን ገፍተው በሰፊ ነጭ ወረቀት ይጋርዷቸው። ኒሻኑን በትንሽ የጠርሙስ ክዳን ላይ ከፍ ቢያደርጉት ጥላው ከሥሩ ይርቃል። ክዳኑ ከጎን እንዳይታይ ይጠንቀቁ እንጂ።

ጀርባውንም አይርሱ፤ የሠሪው ስም ወይም ማኅተም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ፒኑንና ጥብጣቡንም እንዳሉ ያንሡ፤ ጥብጣቡን አይተኩሱት። በመጨረሻ ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጠው አንድ ፎቶ ይጨምሩ።