የግርጌ ማስታወሻ ቁጥሮች ቅርጻቸው ሲጠፋ፦ ጥያቄና መልስ

የመመረቂያ ጽሑፍ በሚቀርብበት ሰሞን ተደጋግሞ የሚመጣልኝ ችግር አንድ ነው፤ በማይክሮሶፍት ወርድ የተሰናዳ ጽሑፍ ላይ የግርጌ ማስታወሻ ቁጥሮች አንሰውና ከፍ ብለው መታየታቸው ይቀርና ከዓረፍተ ነገሩ ፊደላት ጋር እኩል ይሆናሉ። ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ፤ አስቀድሜ ግን አደራ የምላችሁ፣ አንዳች ነገር ከመንካታችሁ በፊት ፋይሉን በሌላ ስም አስቀምጡ።

የሕግ ተማሪ፦ ፎንት ለማስተካከል ብዬ ጽሑፌን በሙሉ መርጬ ኮንትሮልና ስፔስ ተጫንኩ። አሁን 212ቱም ቁጥሮች «ተደንግጓል።37» እንደሚለው ተራ አኃዝ ሆነዋል። አንድ በአንድ በእጄ ከፍ ላድርጋቸው?

መልስ፦ በፍጹም አያድርጉት። ወርድ የማስታወሻን ቁጥር ከፍ የሚያደርገው ፉትኖት ሬፈረንስ በሚባል ስታይል፣ ማለትም በስም በተቀመጠ የቅርጽ ስብስብ ነው፤ እርስዎ የተጫኑት ቁልፍ ደግሞ በእጅ የተሰጠውን ቅርጽ ብቻ ሳይሆን ይህንንም ስታይል ከቁጥሮቹ ላይ ገፎታል። በመጀመሪያ ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍን በአንድነት ተጭነው አንድ የሙከራ ማስታወሻ ያስገቡ። አዲሱ ቁጥር ትንሽና ከፍ ያለ ሆኖ ከመጣ ስታይሉ ደህና ነው፤ ከእሱ የተለዩት የቀድሞዎቹ ቁጥሮች ብቻ ናቸው። እሱም ተራ ሆኖ ከመጣ የተበላሸው ስታይሉ ራሱ ስለሆነ፣ ከስታይሎች ዝርዝር ውስጥ ፉትኖት ሬፈረንስን በቀኝ ጠቅታ ከፍተው፣ ሞዲፋይ፣ ከዚያም ፎርማትና ፎንት ብለው ሱፐርስክሪፕት የሚለውን ይምረጡ። በመጨረሻ የሙከራውን ቁጥር ከዋናው ጽሑፍ ውስጥ መርጠው በዲሊት ቁልፍ ይሰርዙት።

ቀጥሎ ኮንትሮልና ኤች ይጫኑ። በላይኛው ሳጥን ውስጥ የ«^» ምልክትንና የእንግሊዝኛውን ትንሽ ኤፍ ሳያራርቁ ይጻፉ፤ የታችኛውን ሳጥን ባዶ ይተዉትና ጠቋሚው እዚያው እንዳለ ሞር፣ ፎርማት፣ ስታይል በሚለው በኩል ፉትኖት ሬፈረንስን መርጠው ሪፕሌስ ኦልን ይጫኑ። በየገጹ ግርጌ ያሉት ቁጥሮች ምናልባት አልተነኩም ይሆናል፤ ዋናውን ጽሑፍ በሙሉ መምረጥ ማስታወሻዎቹን አይጨምርምና። ተነክተው ከሆነ ጠቋሚውን ከአንዱ ማስታወሻ ውስጥ አድርገው በ^2 ይድገሙት። ወደፊት ፎንት መለወጥ ሲፈልጉ ኖርማል የተባለውን ስታይል ይለውጡ እንጂ ሁሉን መርጠው አያጽዱ።

ሌላ ጠያቂ፦ የእኔም ጠፍተዋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ቁጥሮቹ የሉም ማለትዎ ነው ወይስ ቅርጻቸው ተለውጧል? ምን እንደተጫኑና የሙከራው ማስታወሻ ምን እንዳሳየ ካልነገሩኝ ልረዳዎ አልችልም።

የታሪክ ተመራቂ፦ ባልደረባዬ በቴሌግራም መልእክት የላከችልኝን ምዕራፍ ገልብጬ ለጥፌ ነበር። ሪፕሌስ ኦል አንድም ቁጥር አላገኘልኝም።

መልስ፦ እነዚያ ከማስታወሻው ጋር ግንኙነታቸው የተቋረጠ ተራ አኃዞች ናቸው። ማውዙን በቁጥሩ ላይ ሲያሳርፉ የማስታወሻው ቃል ብቅ ካላለ ምንም ስታይል አያድናቸውም። ዋናውን ፋይል ያስልኩ፤ ከሌለ እያንዳንዱን እንደ አዲስ ከማስገባት በቀር መንገድ የለም።

አራሚ፦ በነገራችን ላይ «ተደንግጓል።37» ብሎ ቁጥሩን ከአራት ነጥብ በኋላ ማድረግ ስሕተት ይመስለኛል። ማስታወሻው የቃሉ ነውና ከነጥቡ በፊት መሆን አለበት።

የታሪክ ተመራቂ፦ አልስማማም። ማስታወሻው የሙሉው ዓረፍተ ነገር ምስክር ከሆነ ከነጥቡ በኋላ ነው ቦታው። እንዲያውም ጽሑፉ በአማርኛ ከሆነ ቁጥሩስ ለምን ፩፣ ፪፣ ፫ አይሆንም?

አራሚ፦ ፻፲፪ን ከላይና ከታች ካሉት መስመሮቹ ጋር አሳንሶ ከፍ ማድረግ ለአንባቢ ዓይን አይመችም።

መልስ፦ የነጥቡን ጉዳይ የሚወስነው የተቋማችሁ የአጻጻፍ መመሪያ ነው፤ ዋናው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። የግዕዙን ቁጥር በተመለከተ፣ በወርድ የማስታወሻ ማስገቢያ መስኮት ላይ ከስተም ማርክ በሚለው ሳጥን ውስጥ ፩ን ማስገባት ይቻላል። ይሁን እንጂ በዚያ መንገድ የገባ ምልክት በራሱ አይቆጠርም፤ መሐል ላይ አንድ ማስታወሻ ቢጨመር ተከታዮቹን ሁሉ በእጅ ማረም ይመጣል። ለረጅም ጽሑፍ አልመክረውም።

ጠያቂ፦ በሌላው የጽሑፍ ማሰናጃ ፕሮግራም፣ በሊብሬ ኦፊስስ?

መልስ፦ ሁለት ስታይሎች አሉ፤ በዋናው ጽሑፍ ውስጥ ላለው ቁጥር ፉትኖት አንከር፣ በግርጌ ላለው ፉትኖት ካራክተርስ። የሚስተካከሉት ለየብቻ ነው።

ሌላ ጠያቂ፦ ኮንትሮል፣ ሺፍትና የመደመር ምልክቱን ተጭኖ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ አይቀልም?

መልስ፦ ይህን ከላይ መልሻለሁ። በእጅ ከፍ ያደረጉት ቁጥር ስታይሉን አይከተልም፤ መልኩን ለመቀየር ባሰቡ ቁጥር 212 ጊዜ ይለፋሉ። ፋይሉንም በሌላ ስም ያስቀምጡ።

የሕግ ተማሪ፦ ሁሉም ተመልሰዋል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ግን ቁጥር ያለባቸው መስመሮች ከሌሎቹ ራቅ ራቅ ብለው ይታዩኛል።

መልስ፦ ከፍ ያለው ቁጥር መስመሩን ወደ ላይ ስለሚገፋው ነው። ኖርማል ስታይልን ከፍተው ፎርማት፣ ፓራግራፍ በሚለው ውስጥ የመስመር ርቀቱን ኤግዛክትሊ ያድርጉ፤ ለ12 ፎንት ከ20 ይጀምሩና የ«ቋ» እና የ«ሏ» እግር እንዳይቆረጥ አንድ ገጽ አትመው ይመልከቱ።