«እኔን እንደ ወንጀለኛ?» ለምትሉ ልጆቼ

እንግሊዝ አገር ኬር ሥራ፣ ማለትም አረጋውያንንና ሕሙማንን የመንከባከብ ሥራ፣ ልትገቡ ስትሉ መጀመሪያ የሚጠብቃችሁ ዲቢኤስ የሚባለው መሥሪያ ቤት የሚያደርገው የወንጀል መዝገብ ማጣሪያ ነው። ፖሊስ ዘንድ ያላችሁ መዝገብ ይታያል። አንዳንዶቻችሁ «ምን አጥፍቼ ነው?» እያላችሁ ሆድ ይብሳችኋል። እስቲ አልጋ ላይ የዋሉትን አሮጊት አስቧቸው። ጠዋት ልብሳቸውን አውልቆ የሚያጥባቸው የማያውቁት ሰው ነው። ቦርሳቸው ኮመዲኖው ላይ ተቀምጧል። የመርሳት ችግር ካለባቸው ደግሞ ቢበደሉስ ማን ያምናቸዋል?

እንደ ፈረንጆቹ በ2002 ሶሃም በምትባል ትንሽ ከተማ ኢያን ሃንትሊ የሚባል የትምህርት ቤት ኬርቴከር (ሕንፃውን የሚጠብቅና የሚንከባከብ ሠራተኛ) ሁለት የ10 ዓመት ልጃገረዶችን ገደለ። ከዚያ በፊት ሌላ አካባቢ በነበረበት ጊዜ ፖሊስ ዘንድ ደጋግሞ ተከሷል። በአንዱም ጥፋተኛ አልተባለም። ሥራውን ሲያመለክት ኒክሰን በሚል ስም ነበርና፣ ሃንትሊ የሚለው ስም ሳይፈተሽ አለፈ። ያን ተከትሎ ምርመራ ተደረገ፣ በ2006 ሕግ ወጣ፣ ዛሬ የምታማርሩበት ዲቢኤስም በ2012 ተቋቋመ።

የስም ነገር ከተነሳ አይቀር፣ እኛ ሐበሾች እዚህ ላይ ጉድ ነን። ፀሐይ አንዱ ወረቀት ላይ በቲኤስ ትጀምራለች፣ ሌላው ላይ በቲ ብቻ። ፓስፖርት ላይ የአያት ስም አለ፣ ባንክ ላይ የለም። የተጠራችሁበትን ስም ሁሉ ፎርሙ ላይ አስፍሩ። ያለፉት 5 ዓመታት አድራሻችሁን አንድም ሳታስቀሩ ሙሉ። ቤይሩት ወይም ካርቱም የቆያችሁበትን ጊዜ መዝለል ያስጠረጥራል እንጂ አይጠቅምም። ዲቢኤስ የውጭ አገር መዝገብ ስለማያይ፣ ቀጣሪው ከኢትዮጵያ ፖሊስ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ አምጡ ሊል ይችላል። አሻራ ስላለው ጊዜ ይወስዳል፤ ቀድማችሁ ጀምሩ።

ሰርተፊኬቱ የሚላከው ለእናንተ ነው፤ አትጣሉት። በወጣ በ30 ቀን ውስጥ አፕዴት ሰርቪስ የሚባለው የዲቢኤስ የኦንላይን አገልግሎት ላይ ከተመዘገባችሁ፣ ለተመሳሳይ ሥራ ቀጣሪ በቀየራችሁ ቁጥር እንደ አዲስ አትጀምሩም።

ወረቀቱ ንፁህ ሆነ ማለት ግን ሰውየው ንፁህ ነው ማለት አይደለም። የሚያወጣው የተመዘገበውን ብቻ ነው፤ መዝገቡን የሚሞላው ደግሞ አይቶ የተናገረ ሰው ነው። የምትንከባከቧቸው ሰው ክንድ ላይ የጣት ምልክት የመሰለ ሰንበር ካያችሁ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፋችሁ በዚያው ዕለት ለማናጀሩ ንገሩ። የጠረጠራችሁትን ሰው ራሳችሁ ልትመረምሩት አትሞክሩ። ማናጀሩ «ተይው፣ ስለሚወድቁ ነው» ካለ ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ጋ የሴፍጋርዲንግ፣ ማለትም ሰዎችን ከበደል የሚጠብቅ፣ ቡድን አለ፤ ደውሉ። «የሰው እንጀራ አልዘጋም» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የተጠረጠረው የአገራችሁ ልጅ፣ አብሯችሁ ቡና የሚጠጣ ቢሆንም ደውሉ።