መልስ፦ ቡሄ ከታቦር ተራራ ጋር ምን አገናኘው?

በለገጣፎ ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ አይተው «ይህ ከተራራ ጋር ምን አገናኘው?» ብለው ለጠየቁት፦ ቡሄ ማለት ነሐሴ 13፣ ጌታ በደብረ ታቦር ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት በዓል ነው። ታቦር በገሊላ የሚገኝ፣ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር እንኳ የማይሞላ ተራራ ነው፤ እንጦጦን ለለመደ ሰው ጉብታ ይመስላል። ማቴዎስ ምዕራፍ 17 ላይ «ረጅም ተራራ» ብሎ ያልፋል፤ ስሙን ያቆየልን ትውፊት ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ሉቃስ 9፥31 ነው። በዚያ ሁሉ ብርሃን መካከል ሙሴና ኤልያስ የሚነጋገሩት ጌታን በኢየሩሳሌም ስለሚጠብቀው ሞት ነው! ስለዚህ ታቦርን ከጎልጎታ ነጥሎ ማንበብ አይቻልም። ጴጥሮስ ዳስ ሠርቶ እዚያው መቅረት ተመኝቶ ነበር፤ አልተፈቀደለትም።

ጅራፉ ከደመናው የተሰማውን የአብን ድምፅ፣ ችቦው ብርሃኑን ያስታውሳል ይላሉ አባቶች።