እጅ ከማውጣታችሁ በፊት

ውድ ወጣቶች፣

ቱሉ ዲምቱንና ኮዬ ፈጬን በመሳሰሉ የአዲስ አበባ ዳርቻ ሰፈሮች የምትኖሩ ብዙዎቻችሁ በአንድ ጊዜ የጋራ ሕንፃ ማኅበር፣ የእድር፣ እንዲሁም የቁጠባና ብድር ማኅበር አባላት ናችሁ። የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ሒሳብ ስመረምር የኖርሁ ሰው ነኝና፣ በስብሰባ ላይ እጅ ስለማውጣት ሳይሆን ከዚያ በፊት ስለሚደረገው ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 አንድ አባል በማኅበሩ የገዛው ዕጣ (የባለቤትነት ድርሻ) ምንም ያህል ቢበዛ ከአንድ ድምፅ በላይ አይሰጠውም። ሕጉ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ድምፁ የሚሰጥበትን አጀንዳ ያዘጋጀው ማን እንደሆነ ካልጠየቃችሁ እኩልነቱ ወረቀት ላይ ይቀራል። በብዙ ማኅበራት ጠዋት በር ላይ በተፈረመ የስም ዝርዝር ምልዓተ ጉባኤው፣ ማለትም ለመወሰን መገኘት ያለበት የአባላት ቁጥር፣ መሟላቱ ይነገራል፤ ጸሐፊው ለአባላት ያልተባዛውን የሒሳብ ሪፖርት በጥድፊያ ያነባል፤ ከሰዓት በኋላ ግማሹ ሰው ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» በሚለው የመጨረሻ አጀንዳ ሥር የዓመቱ ትልቁ ውል በጭብጨባ ይጸድቃል። የጠዋቱ ፊርማም ከቃለ ጉባኤው ጋር ተያይዞ የስምምነት ማስረጃ ይሆናል። ስለዚህ አጀንዳውና ሪፖርቱ አስቀድመው እንዲደርሷችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ገንዘብ የሚነካ ጉዳይ በ«ልዩ ልዩ» ሥር ሲመጣም ተሰብሳቢው እንደገና ይቆጠር በሉ። ነገረኛ መባላችሁ አይቀርም፤ እኔም ተብያለሁ።

በቃሊቲና በቦሌ ለሚ ፋብሪካዎች ለምትሠሩም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር እንዲቋቋም ይፈቅዳል፤ የማኅበር አባል መሆንንም ለስንብት በቂ ምክንያት አድርጎ አይቀበልም። መሪዎቻችሁን ከመረጣችሁ በኋላ ግን ከአሠሪው ጋር ስለ ሥራ ሁኔታችሁ የሚዋዋሉትን የኅብረት ስምምነት ረቂቅ ከመፈረሙ በፊት እንዲያሳዩአችሁ ጠይቋቸው፤ ከተፈረመ ወዲያ የሚነሳ ቅሬታ እምብዛም ፍሬ የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ወጣቶች ለሥራ አመራር ኮሚቴ ትሽቀዳደማላችሁ፤ አበልም ሆነ ክብር የሌለውን የቁጥጥር ኮሚቴ ግን ለጡረተኞች ትተዉታላችሁ። በእኔ እምነት ለመማር የሚሻለው እርሱ ነው። ከተመረጣችሁ በመጀመሪያው ሳምንት የባንክ ሒሳብ መግለጫውን አስመጡና ከገቢ ደረሰኞቹ ቀሪ ጋር በየተራ ቁጥራቸው አስተያዩት፤ የጎደለ ተራ ቁጥር ካገኛችሁ ገንዘብ ያዡን በቃል ሳይሆን በደብዳቤ ጠይቁ፣ የደብዳቤውንም ግልባጭ በማኅበሩ መዝገብ አስገቡ።