ስም ጠሪ ሆናችሁ ለተመደባችሁ ወጣት መምህራን

ልጆቼ፣ መስከረም ላይ የሚሰጣችሁ ስም መጥሪያ ለወላጅ ስልክ ቦታ ቢኖረው እንኳ ከአንድ ቁጥር በላይ አያስጽፍም። ተማሪ ከትምህርት ሲቀር ወላጁን ደውላችሁ እንድታገኙት የራሳችሁን ደብተር አስምሩና ለአንድ ተማሪ ሦስት ቁጥር ያዙ፦ የወላጅ፣ ስልክ ያለው ጎረቤት፣ ልጁ ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ከሆነ ደግሞ የአከራዩን። ቁጥሩን ከልጁ አፍ አትቀበሉ፤ የጓደኛውን ስልክ «የአባቴ ነው» ብሎ የሚያስመዘግብ ሞልቷል። ወላጁ ለምዝገባ ሲመጣ እዚያው ደውሉና ኪሱ ውስጥ ሲጮኽ ስሙ። ከቁጥሩ ጎን ማን እንደሚያነሳው፣ በምን ቋንቋ እንደሚግባባ፣ መቼ ኔትወርክ እንደሚያገኝ ጻፉ። ገበሬው ባትሪ ለመቆጠብ ቀን ስልኩን ያጠፋል፤ የሚገኘው ምሽት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ወይም ገበያ ሲወጣ ነው። ሲም ካርድ ይጠፋል፣ ይቀየራልም፤ ከመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት በኋላ ሁሉንም እንደገና ሞክሯቸው።

በጽሑፍ መልእክት አትመኩ። በፊደላችን ሲጻፍ አንዱ መልእክት 70 ሆሄ ብቻ ይይዛል፣ ባዶ ቦታው ተቆጥሮ። ይህስ ይቻላል፤ የባሰው፣ ማንበብ የማይችል አባት መልእክቱን የሚያስነብበው ያንኑ የቀረውን ልጅ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ቦትስዋና ትምህርት ቤቶቿን በዘጋችበት ወቅት 4,500 ያህል ቤተሰቦችን ባሳተፈ ሙከራ፣ በመልእክቱ ላይ የስልክ ጥሪ የታከለላቸው ልጆች በሒሳብ ሲሻሻሉ መልእክት ብቻ የደረሳቸው እምብዛም አልተለወጡም። ሙከራው ስለ መቅረት አልነበረም፤ የድምፅን ጉልበት ግን ያሳያል። መልእክቱን ለስብሰባ ቀን ማስታወሻ አድርጉት።

አንድ ቀን ሲቀር የሰፈሩን ልጆች ጠይቁ። ሁለት ቀን ተከታትሎ ሲቀር በዚያው ምሽት ደውሉ። የወር ሪፖርት ከጠበቃችሁ ልጁ ሁመራ ወይም መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ይሆናል። ሰኞ ሰኞ ብቻ የሚቀር ካለ ደግሞ ስንቅ ሊያመጣ ሄዶ መንገድ የያዘው ነውና የአከራዩን ቁጥር ሞክሩ።

ከትምህርት ቤት ስልክ ሲመጣ ወላጅ ይደነግጣል። ስለዚህ ከሰላምታው ቀጥላችሁ «ለክፉ አይደለም» በሉ። ከዚያ «ሰኞና ማክሰኞ አላየነውም፤ ደኅና ነው ወይ?» ብላችሁ ዝም በሉ። ዝም ማለቱ ይከብዳል፣ ግን ምክንያቱ የሚወጣው እዚያ ላይ ነው፦ አጨዳ፣ ከብት፣ ሕመም፣ የደብተር መግዣ። የሚመለስበትን ቀን ከራሱ ከወላጁ አፍ ተቀበሉና ጻፉት፤ በዚያ ቀን ልጁ ቢመጣም ባይመጣም መልሳችሁ ደውሉ። ብዙ መምህር የሚሳሳተው ይህችን ሁለተኛ ጥሪ ትቶ ነው። ኅዳር ላይ እህል እየታጨደ «ላከው» ማለት ብቻ ዋጋ የለውም፤ ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ፈረቃ እንዲቀይር ርእሰ መምህሩን ጠይቁለት።

በስልክ ፈጽሞ የማይነገር ነገርም አለ። ስለ ሴት ተማሪ «ከወንድ ጋር ታየች» ማለት በአንዳንድ ቤት ጥር ላይ መዳር ማለት ነው። ጋብቻ ከጠረጠራችሁ አባቷ ዘንድ አትደውሉ፤ መጀመሪያ እሷን ሴት መምህርት ታነጋግራት፣ ከዚያ ጉዳዩ በርእሰ መምህሩ በኩል ለወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ይድረስ። የሚገርፍ አባት እንዳለም ካወቃችሁ እናትን ወይም አጎትን ፈልጉ። የቀሪዎችን ስም በቴሌግራም ግሩፕ መለጠፍማ ማዋረድ ነው፤ ደግሞም ስማርት ስልክ የሌለው ወላጅ አያየውም።

የስልክ ካርዱን ከደመወዛችሁ አትሙሉ፤ ኅዳር ላይ ትሰለቻላችሁ። ወጪው ከትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ እንዲሸፈን በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ቃለ ጉባኤ ይያዝበት። በጥቅምት ምንም ላልቀረ ልጅ ወላጅም አንድ ጊዜ ደውሉና «ልጅዎ እየበረታ ነው» በሉ፤ ሁልጊዜ ለክስ የሚደወልበትን ቁጥር ወላጅ ለይቶ ያውቀዋል፣ አያነሳውምም። ዝውውር ሲደርሳችሁ ደብተሩን ይዛችሁ አትሂዱ፤ ለተተኪው ስታስረክቡ የትኛው ቁጥር እንደሚሠራ ምልክት አድርጉበት።